ደህና በከረሙበት ዓመትም፦ ሥር የሰደደ የአንጀት ሕመምና የደንዳኔ ካንሰር ቅድመ ምርመራ

የደንዳኔ ወይም የትልቁ አንጀት ካንሰር በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች ሦስተኛው፣ ሕይወት በመቅጠፍ ደግሞ ሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተይዘውበታል፤ 900 ሺህ ያህል ሰዎች ደግሞ ሞተውበታል። ይህ ካንሰር ግን ከብዙዎቹ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለው። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ለዓመታት በካሜራ የሚታይና ተቆርጦ ሊወጣ የሚችል ነገር ሆኖ ይቆያል። ቀድሞ የተመረመረ ሰው በሽታውን በጊዜ ከማግኘት አልፎ ጨርሶ እንዳይመጣ ማድረግ ይችላል።

ለዚህም ነው ብዙ አገሮች ጤነኛ ሰው ሁሉ ዕድሜው ሲደርስ እንዲመረመር የሚወተውቱት። በአሜሪካ የምርመራው መነሻ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 ዝቅ ብሏል። በእስራኤል ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የሰገራ ምርመራ በየጤና ድርጅቶቻቸው በኩል ይቀርብላቸዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን አንጀታቸው ለዓመታት ሲቆስልና ሲድን የኖረ ሰዎች ይህን አጠቃላይ ምክር ሰምተው «እኔ ገና 45 አልሞላኝም» ወይም «የሰገራ ምርመራ ይበቃኛል» ብለው ቢቀመጡ ትልቅ ስህተት ነው። የእነሱ ሰዓት የሚቆጥረው ከልደት ሳይሆን ሕመሙ ከጀመረበት ቀን ነው። የሰገራ ምርመራ በካሜራ የሚደረገውን አይተካላቸውም፤ አንድ ጊዜ ተመርምረውም አይበቃቸውም።

ይህ ዳሰሳ ስለዚህ ጉዳይ የሚታወቀውን ከዳር እስከ ዳር ለማየት ይሞክራል፤ አደጋው ምን ያህል ነው? ክትትሉ በእርግጥ ያድናል? መቼና እንዴት ይደረጋል? ሰው ለምን ይቀራል? ምንስ ቢደረግ ይመጣል? የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ለእነዚህ ሕሙማን የሚደረግ ማበረታቻ ማስፈራሪያ መሆን የለበትም። እውነተኛውን ቁጥር ነግሮ፣ በመንገዳቸው ያለውን እንቅፋት አንድ በአንድ የሚያነሣ መሆን አለበት።

ስለ የትኛው ሕመም ነው የምናወራው?

ጉዳያችን ሁለት ሕመሞች ናቸው፤ አልሰረቲቭ ኮላይቲስ እና ክሮንስ። አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ከፊንጢጣ ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ የደንዳኔን የውስጥ ሽፋን ያቆስላል። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ያለውን የትኛውንም ክፍል ሊይዝ ይችላል፤ የአንጀቱንም ግድግዳ ዘልቆ ይገባል። በሁለቱም የሰውነት የመከላከል ኃይል በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሣል። ሁለቱም ዕድሜ ልክ አብረው ይኖራሉ፤ አንድ ሰሞን ጋብ ይላሉ፣ ሌላ ሰሞን ያገረሻሉ። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ ደም ማነስ፣ መክሳትና የማይለቅ ድካም ዋና ዋና ምልክቶቻቸው ናቸው።

በእኛ ሰው ዘንድ እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሌላ ነው። ደም ያለው ተቅማጥ «አሜባ ነው» ይባልና ሜትሮኒዳዞል ይታዘዛል። ጋብ ይላል፤ ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ያው መድኃኒት እንደገና ይገዛል። ከሰገራ ጋር የሚወጣ ደም ደግሞ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ወደ ባህል ሐኪም ይኬዳል። አሜባም ኪንታሮትም በአገራችን በብዛት ስላሉ ግምቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የአንጀት ቲቢም ክሮንስን በጣም ስለሚመስል ሐኪም ሳይቀር ያደናግራል። ነገር ግን በዚህ ዓይነት የባከኑ ዓመታት ከሂሳቡ አይቀነሱም። ሕመሙ ስሙ ባይታወቅም አንጀቱን ሲያቆስል ከርሟልና።

አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ያስቆጠረ ዕውቀት

የአንጀት ቁስለትና ካንሰር መገናኘታቸው ዛሬ የተደረሰበት ነገር አይደለም። የክሮንስ ሕመም በስሙ የተጠራለት የኒው ዮርኩ ሐኪም በሪል ክሮን፣ ሮዘንበርግ ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ በአልሰረቲቭ ኮላይቲስ በታመመ ሰው ላይ የተገኘ ካንሰርን የዘገበው እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር። ክሮንስ ራሱ በዝርዝር የተገለጸው ከዚያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1932 ነው።

ትልቁ እርምጃ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1967 ከለንደኑ ሴይንት ማርክስ ሆስፒታል ነው። ሞርሰን እና ፓንግ የተባሉ ሐኪሞች ከፊንጢጣ የተወሰደ ቁራጭ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ካንሰሩ ከመምጣቱ በፊት በሴሎቹ ላይ የሚታይ ለውጥ መኖሩን አሳዩ። ይህ ለውጥ ዲስፕላዚያ ይባላል። ሴሎቹ ሥርዓታቸውን ለቀው መደራረብ ይጀምራሉ፤ ካንሰር ግን ገና አልሆኑም። ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም የደንዳኔ የካሜራ ምርመራ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሥራ ላይ ሲውል ሐኪሞች ደንዳኔን በሙሉ ማየት ቻሉ። በ1983 ደግሞ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ፣ ናሙና የሚመረምሩ የፓቶሎጂ ሐኪሞች ዲስፕላዚያን በደረጃ ከፋፈሉት፤ የሌለ፣ አጠራጣሪ፣ ዝቅተኛ እና ከፍተኛ። ዛሬም የፓቶሎጂ ውጤት ላይ የምናነባቸው ቃላት ከዚያ የመጡ ናቸው።

አካሄዱም ከተራው የደንዳኔ ካንሰር ይለያል። በሌላው ሰው ካንሰሩ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጉጥ ካበጠ ፖሊፕ ነው፤ ለማየት አያስቸግርም። ለዓመታት በተቆጣ አንጀት ላይ ግን ለውጡ ጠፍጣፋ፣ በሰፊው የተበተነና ከጠባሳው ጋር የተመሳሰለ ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሕሙማን የተለየ ምርመራና የሠለጠነ ዓይን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አደጋው ምን ያህል ነው?

ብዙ ሕሙማን ኢንተርኔት ላይ ገብተው የሚያገኙት የሚያስደነግጥ ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያሰባሰበ ግምገማ፣ አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ካለባቸው ሰዎች በካንሰር የሚያዙት ሕመሙ በጀመረ በ10 ዓመት 2 በመቶ፣ በ20 ዓመት 8 በመቶ፣ በ30 ዓመት 18 በመቶ ናቸው ብሎ ነበር። ይህ ቁጥር ለብዙ ዓመታት በየመማሪያ መጽሐፉ ሲጠቀስ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥናቶች ግን ዝቅ ያለ ቁጥር ይዘው መጥተዋል። ሴይንት ማርክስ ሆስፒታል 600 ሕሙማንን ለ30 ዓመታት የተከታተለበትን ውጤት በ2006 ሲያወጣ፣ አደጋው በ20 ዓመት 2.5 በመቶ፣ በ30 ዓመት 7.6 በመቶ፣ በ40 ዓመት 10.8 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በ2020 ከዴንማርክና ከስዊድን የወጣ፣ ከ96 ሺህ በላይ የአልሰረቲቭ ኮላይቲስ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ደግሞ፣ እነዚህ ሰዎች በደንዳኔ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው 1.7 እጥፍ ገደማ መሆኑን፣ ልዩነቱም በቅርብ ዓመታት እየጠበበ መምጣቱን አሳይቷል።

ለምን ቀነሰ? የቀድሞዎቹ ጥናቶች ብዙዎቹ ከትልልቅ ሆስፒታሎች የመጡ ስለነበሩ የከፋባቸውን ሕሙማን አብዝተው አይተዋል። ከዚህ በላይ ግን መድኃኒቱ ተሻሽሏል፤ ክትትሉም ተስፋፍቷል። ዛሬ ብግነቱን፣ ማለትም የአንጀቱን መቆጣት፣ የሚያበርዱ፣ በፊት ያልነበሩ መድኃኒቶች አሉ። ብግነቱ በበረደ መጠን የሴሎቹ መበላሸት ስለሚቀንስ፣ መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ ራሱ የካንሰር መከላከያ ነው።

አማካይ ቁጥር ግን ለእያንዳንዱ ሰው አይሆንም። አደጋው ከፍ የሚልባቸው ሰዎች ተለይተው ይታወቃሉ። ሕመሙ ደንዳኔያቸውን በሙሉ የያዘባቸው፣ ለረጅም ዓመታት የቆየባቸው፣ በልጅነት የጀመራቸው፣ ብግነቱ አልበርድ ያላቸው፣ ወላጅ ወይም ወንድም እህት በደንዳኔ ካንሰር የታመመባቸው፣ ከዚህ በፊት ዲስፕላዚያ የተገኘባቸው፣ አንጀታቸው የጠበበባቸው ሰዎች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ፒ.ኤስ.ሲ. በመባል የሚታወቀው፣ የሐሞት ቱቦዎችን እያቆሰለ የሚያጠብብ ሕመም አብሮ ሲኖር ነው። በአንጻሩ ሕመሙ ፊንጢጣ ላይ ብቻ ተወስኖ የቀረ ሰው አደጋው ከሌላው ሰው ብዙም አይለይም፤ እንደ ማንኛውም ሰው በዕድሜው ይመረመራል።

ክትትሉ በእርግጥ ያድናል?

ይህን ጥያቄ በቀጥታ መመለስ ለሕሙማኑ የሚገባ አክብሮት ነው። አንዱን ወገን መርምሮ፣ ሌላውን ሳይመረምር ትቶ፣ በዕጣ ከፋፍሎ የተሠራ ጥናት የለም። ያሉት መረጃዎች የተመረመሩትንና ያልተመረመሩትን ሰዎች መዝገብ የሚያነጻጽሩ ናቸው። ኮክሬን በመባል የሚታወቀው የጥናት ገምጋሚ ተቋም በ2006 ጉዳዩን ሲያይ ክትትሉ ዕድሜ ስለማራዘሙ ግልጽ ማስረጃ አላገኘም ነበር።

በ2017 በተሻለ መረጃ እንደገና ሲገመገም ግን ሥዕሉ ተለወጠ። ከ7 ሺህ በላይ ሕሙማንን ባካተቱ አምስት ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ፣ ክትትል ካደረጉት በካንሰር የተያዙት 1.8 በመቶ፣ ካላደረጉት ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነው ተገኙ። ካንሰር ከተገኘባቸው መካከል በዚሁ በሽታ የሞቱት ክትትል ከነበራቸው 8.5 በመቶ፣ ካልነበራቸው 22.3 በመቶ ናቸው። ገምጋሚዎቹ ራሳቸው የማስረጃው ጥራት ዝቅተኛ መሆኑን አልሸሸጉም፤ የሚመረመር ሰው በአጠቃላይ ጤናውን የሚጠብቅ ሰው ሊሆን ይችላልና። ቢሆንም የመረጃው አቅጣጫ አንድ ነው፤ ቀድሞ የተገኘው የመዳን ዕድሉ ይሰፋል፤ ዘግይቶ የተገኘው ይበልጥ ይገድላል።

መቼ ይጀመራል? በየስንት ጊዜው?

የአውሮፓም ሆነ የአሜሪካ የሕክምና መመሪያዎች በዋናው ነገር ይስማማሉ። ሕመሙ ከፊንጢጣ ያለፈ የአልሰረቲቭ ኮላይቲስ ሕሙማን፣ እንዲሁም ክሮንስ ሰፊ የደንዳኔ ክፍል የያዘባቸው ሰዎች፣ የመጀመሪያ ምልክቱ ከታየ ከ8 ዓመት በኋላ ለካንሰር ክትትል የመጀመሪያውን ኮሎኖስኮፒ ያደርጋሉ። ፒ.ኤስ.ሲ. ያለበት ሰው ግን 8 ዓመት አይጠብቅም። ሕመሙ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ይመረመራል።

ከመጀመሪያው በኋላ ያለው ርቀት እንደ ሰዉ ይለያያል። በአውሮፓ ልማድ አደጋቸው ከፍ ያለ በየዓመቱ፣ መካከለኛ የሆነባቸው በየሁለትና ሦስት ዓመቱ፣ አንጀታቸው ጸጥ ያለና ሌላ ምክንያት የሌለባቸው በየ5 ዓመቱ ይታያሉ። አሜሪካኖች ቀጠሮውን ጠበቅ የማድረግ ልማድ ነበራቸው፤ አሁን ግን እነሱም ወደዚህ እየቀረቡ ነው። እያንዳንዱ ምርመራ ሲያበቃ የሚቀጥለው ቀን በዚያን ጊዜ በታየው ነገር ይወሰናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርብ እንይ። አንዲት ሴት በአዲስ አበባ ሳለች በ2003 ዓ.ም. ደም ያለው ተቅማጥ ጀመራት እንበል። ለዓመታት ለአሜባ ታከመች። ወደ ሜሪላንድ ከተሻገረች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 በኮሎኖስኮፒ አልሰረቲቭ ኮላይቲስ መሆኑ ታወቀ። ሐኪሟ መዝገቡ ላይ የሚያየው 2018ን ብቻ ነው፤ ከዚያ ቢቆጥር ክትትሉ የሚጀመረው በ2026 ነው። ነገር ግን ሕመሙ የጀመራት በፈረንጆቹ 2010 ወይም 2011 ስለሆነ፣ ስሙ በታወቀበት ጊዜ ሰዓቱ ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምልክት ዓመት፣ ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለውጦ፣ ለሐኪሙ በግልጽ መንገር ይገባል። ማንም ካልጠየቀ ሕሙሙ ራሱ ያንሣው።

የሰገራ ምርመራውስ? ደም ወይም የተለወጠ ዘረመል ከሰገራ ላይ የሚፈልጉት ምርመራዎች የተዘጋጁት አደጋቸው መካከለኛ ለሆነ ጤነኛ ሰዎች ነው። አንጀቱ በብግነት የሚደማ ሰው ካንሰር ሳይኖረው ምርመራው «አለ» ሊልበት ይችላል። ጠፍጣፋውን ዲስፕላዚያ ደግሞ ሊያልፈው ይችላል። ቀላልና በቤት የሚሠራ በመሆኑ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ለእነዚህ ሕሙማን የኮሎኖስኮፒን ቦታ አይተካም።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ኮሎኖስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለበትን ቀጭን፣ ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ ደንዳኔን በሙሉ ማየት ነው። ታማሚው በጎኑ ይተኛል፤ የሚያስተኛ ወይም የሚያፈዝ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጠዋል። ብዙዎች የሚያስታውሱት ነርሷ መርፌውን ስትሰካና ከዚያ «አልቋል» ስትላቸው ነው። በአንጀት ሕሙማን ላይ ሲሠራ ጊዜ ይወስዳል፤ ሐኪሙ ቱቦውን ወደ ውጭ ሲመልስ በቀስታ፣ እጥፋቱን እያንዳንዱን እየገለጠ ማየት አለበት።

ለብዙ ዓመታት የነበረው አሠራር በየ10 ሴንቲ ሜትሩ አራት አራት ናሙና እየቆረጡ፣ ቢያንስ 33 ናሙና ሰብስቦ ለፓቶሎጂ መላክ ነበር። ናሙናው የሚወሰደው በዘፈቀደ ስለሆነ ዲስፕላዚያው በሁለት ናሙናዎች መካከል ሊያመልጥ ይችላል። አሁን ብዙ ቦታ ሰማያዊ ቀለም በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ይረጫል። ቀለሙ በሽፋኑ ጉርብጥብጥ ውስጥ ሲሰርግ በተራ ብርሃን የማይለይ እብጠት ጠርዙ ወጥቶ ይታያል፤ ሐኪሙም ናሙናውን ከዚያው ላይ ይወስዳል። በ2015 ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ባለሙያዎች ይህን ዘዴ የሚደግፍ የጋራ ስምምነት አውጥተዋል። ጥሩ ጥራት ያላቸው አዳዲስ ካሜራዎችም በራሳቸው ብዙ እያሳዩ ነው።

ምርመራው ሕመሙ ጋብ ባለበት ጊዜ ቢደረግ ይመረጣል። አንጀቱ ሲቆጣ የሴሎቹ መልክ ከዲስፕላዚያ ጋር ስለሚምታታ የፓቶሎጂ ሐኪሙ «አጠራጣሪ» ብሎ ለመጻፍ ይገደዳል። ቀጠሮውም በጣም ደህና በተሆነበት ወር ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው፤ ሰው ለመቅረት በጣም የሚፈተነውም በዚያው ወር ነው።

ብዙዎች ከምርመራው ይልቅ የሚፈሩት ዝግጅቱን ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ተቅማጥ ለዓመታት ሲያሠቃየው የኖረን ሰው አንጀትን የሚያጥብ መድኃኒት ጠጣ ማለት ቀላል ጥያቄ አይደለም። የሚረዱ ነገሮች ግን አሉ። ማጠቢያውን ሁለት ቦታ ከፍሎ ግማሹን ማታ፣ ግማሹን በምርመራው ጠዋት መጠጣት አንጀቱን ይበልጥ ያጸዳል፤ ለጠጪውም ይቀላል። ቀዝቀዝ አድርጎ መጠጣትም ይረዳል። ከጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ አሰር የበዛበትን ምግብ መተው ያስፈልጋል፤ ለእኛ ሰው ይህ ማለት የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቆሎና ቅንጬ ማለት ነው። ተልባና ሰሊጥ በተለይ አይበሉ። ፍሬዎቹ በአንጀት ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ፤ የካሜራውን መምጠጫም ይዘጋሉ። ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ዓሣና ዶሮ ይሆናሉ። በዋዜማው የተጣራ መረቅ፣ ሻይ፣ ወተት የሌለው ቡና ይፈቀዳል፤ ቀይ መጠጥ ደም ስለሚመስል አይጠጣም። የደም ማነስ እንክብል የሚወስድ ሰው አንጀቱን ስለሚያጠቁርበት አስቀድሞ እንዲያቆም ይነገረዋል። የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በራሱ ምንም ሳያቆም ሐኪሙን ይጠይቅ። በጾም ወቅት ቀጠሮ የደረሰበት ሰው የንስሐ አባቱን ወይም የሃይማኖት መሪውን አስቀድሞ ቢያማክር ከኅሊና ወቀሳ ያርፋል።

ምርመራው ጉዳትም ሊኖረው ይችላል። አንጀት የመበሳት አደጋ አለ፤ ይህ ግን ከሺህ ሰው በአንዱ ወይም ከዚያ ባነሰ ላይ የሚደርስ ነው። ሕመሙ ክፉኛ ባገረሸበት ጊዜ ከፍ ስለሚል፣ ጋብ ያለበትን ጊዜ መምረጥ ለዚህም ይጠቅማል።

አንድ ነገር ቢገኝስ?

ብዙ ሰው ከምርመራው የሚሸሸው «ካገኙብኝ አንጀቴን ያወጡታል» ብሎ ነው። በፊት ይህ ፍርሃት እውነት ነበረው፤ ዲስፕላዚያ ከተገኘ ደንዳኔን በሙሉ ማውጣት የተለመደ ምክር ነበር። ዛሬ ግን ጠርዙ የሚታይና በሙሉ ሊቆረጥ የሚችል እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በኮሎኖስኮፒ ይወጣል፤ ሕሙሙም ጠበቅ ባለ ቀጠሮ ይከታተላል። ሊቆረጥ የማይችል፣ ብዙ ቦታ የተበተነ ወይም ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ዲስፕላዚያ ሲሆን ቀዶ ሕክምና ይመከራል። ያም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ከትንሹ አንጀት ጫፍ የሰገራ ማጠራቀሚያ ሠርቶ ከፊንጢጣ ጋር የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና ስላለ፣ ብዙ ሰዎች ያለ ቋሚ የሰገራ ከረጢት ይኖራሉ። ቀድሞ መመርመር የምርጫውን ብዛት ይጨምራል። ዘግይቶ የመጣ ሰው ነው ምርጫ የሚያጣው።

ሰው ለምን ይቀራል? ምንስ ያመጣዋል?

ለመቅረት የሚያበቁ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ስንፍና አይደሉም። ደህና የሆነ ሰው ሆስፒታልን መርሳት ይፈልጋል። ለዓመታት በምርመራ የተንገላታ ሰው ይታክተዋል። ሕመሙ የገበና ሕመም ስለሆነ ለአለቃ፣ ለእጮኛ፣ ለአማት መናገር ያሳፍራል። በአሜሪካ ለጤነኛ ሰው የሚደረገው ቅድመ ምርመራ በሕግ ያለ ክፍያ ሲሸፈን፣ የአንጀት ሕሙማን ክትትል ግን ብዙ ጊዜ እንደ ሕክምና ተቆጥሮ ከኪስ ያስከፍላል። ከምርመራው በኋላ መኪና መንዳት ስለማይፈቀድ ወደ ቤት የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል። በሰዓት ተከፋይ ሆኖ ለሚሠራ፣ ቤተሰቡን ትቶ በሰው አገር ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ አንዱ ብቻ ቀጠሮ ያሰርዘዋል።

ማበረታቻን በተመለከተ ከአጠቃላይ ሕዝብ ምርመራ የምንማራቸው ነገሮች አሉ። ባሏን በደንዳኔ ካንሰር ያጣችው አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ኬቲ ኩሪክ በ2000 የራሷን ኮሎኖስኮፒ ለተመልካች ካሳየች በኋላ የሚመረመረው ሰው ቁጥር ከፍ ማለቱ በጥናት ተረጋግጧል። የሚታወቅና የሚታመን ሰው በአደባባይ ሲናገር ሐፍረት ይሰበራል። በሌላ በኩል በ2022 ከፖላንድ፣ ከኖርዌይና ከስዊድን በወጣ ትልቅ ጥናት፣ የኮሎኖስኮፒ ጥሪ ደብዳቤ ከደረሳቸው ሰዎች የመጡት 42 በመቶ ብቻ ነበሩ። ደብዳቤ ብቻውን ሰው አያመጣም።

የሚያመጣውን ነገር ከሁሉ በተሻለ ያሳየችው ትንሿ የአሜሪካ ግዛት ደላዌር ናት። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ግዛቲቱ ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሰዎች የምርመራውን ወጪ ሸፈነች፤ ሰዎችን ስልክ ደውለው የሚያስታውሱ፣ ዝግጅቱን የሚያስረዱ፣ መጓጓዣ የሚያመቻቹ ነርሶችንም መደበች። እስከ 2009 ድረስ የተመረመሩት ጥቁር አሜሪካውያን ከ48 በመቶ ወደ 74 በመቶ ገደማ አደጉ፤ ከነጮቹም ጋር እኩል ሆኑ። ካንሰሩ ዘግይቶ የሚገኝባቸው ሰዎች ቁጥርም ቀነሰ። ሥራው ሰዉን በመውቀስ አልተሠራም፤ መንገዱን በማቅናት ነው።

ይህ ትምህርት ለአንጀት ሕሙማን የበለጠ ይሠራል፤ ክትትላቸው ዕድሜ ልክ ነውና። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን ጽፎ የሚሰጥ ሐኪም፣ ቀኑ ሲደርስ የሚደውል ክሊኒክ፣ «እኔ እወስድሻለሁ፤ እስኪያልቅም እጠብቅሻለሁ» የሚል ወንድም ከመቶ ማስጠንቀቂያ ይበልጣሉ። በውጭ የሚኖር ሰው ደግሞ መብቱን ይወቅ፤ በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለባቸው። የ14 ዓመት ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ ስለ ሰገራና ስለ ፊንጢጣ ማስወራት ለእናትም ለልጅም የማይገባ ጭንቀት ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ምን ያህል ቅርብ ነው?

እነዚህ ሕመሞች የፈረንጅ ናቸው የሚለው አስተሳሰብ ጊዜ አልፎበታል። ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ሲገቡ ሕመሞቹ ጨርሶ የማይታዩባቸው ያህል እንደነበሩ፣ በአዲሱ አገር ዓመታት ከኖሩ በኋላ ግን ክሮንስና አልሰረቲቭ ኮላይቲስ እየታዩባቸው መምጣታቸውን ያሳያሉ። የአኗኗርና የአመጋገብ ለውጥ ድርሻ እንዳለው ይታመናል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚያድጉ ልጆቻችንም ከዚህ የተለየ ዕጣ የላቸውም።

በአገር ቤት የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የደንዳኔና የፊንጢጣ ካንሰር በወንዶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚውን ስፍራ ከሚይዙት አንዱ መሆኑ ታውቋል። ኮሎኖስኮፒ የሚሠራባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ይገኛሉ። መላውን ሕዝብ በኮሎኖስኮፒ መመርመር ለጊዜው የሚቻል አይደለም። ነገር ግን ለዓመታት አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ያለባቸውን ሕሙማን በመዝገብ ይዞ፣ ያለውን ጥቂት መሣሪያ በቅድሚያ ለእነሱ ማዋል ይቻላል። ቁጥራቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ትልቅ ነው። ደም ያለው ተቅማጥ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ደግሞ ያንኑ የአሜባ መድኃኒት ከመድገም ይልቅ ወደ ጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት መላክ የሁሉ ነገር መጀመሪያ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለሕሙሙና ለቤተሰቡ የሚተርፈው ጥቂት ነገር ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ አራት ጥያቄዎች ይዞ መግባት፦ ሕመሜ ደንዳኔዬን እስከ የት ይዞታል? ከመጀመሪያው ምልክት ሲቆጠር ስንት ዓመት ሆኖኛል? አደጋዬ ከፍተኛ ነው፣ መካከለኛ ወይስ ዝቅተኛ? የሚቀጥለው ኮሎኖስኮፒ በየትኛው ወርና ዓመት ነው? ለአራቱም መልስ በጽሑፍ ያስፈልጋል። ደህና የከረመ ሰው እነዚህን ለመጠየቅ ጊዜም አቅምም አለው፤ መልሱን በእጁ ሳይዝ ከሐኪሙ ክፍል መውጣት የለበትም።